ፀሐይ የተነፈገው የፀሐይ አምላኪ፦ የጥንታዊት ግብፅ ክታቦችና ቅዱሳን እንስሳት

በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የሚገኘው የኮንፍሉዎንስ ቤተ መዘክር ከያዛቸው ስብስቦች መካከል፣ ለጎብኚ ዓይን እምብዛም የማይማርክ አንድ የአጥንት ክምችት አለ። አጥንቶቹ በላይኛው ግብፅ፣ ከዛሬዋ ሉክሶር ባሻገር በናይል ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚገኘውና «የዝንጀሮዎች ሸለቆ» እየተባለ ከሚጠራው ጋባናት አል ቁሩድ በ1905 እና በ1906 ተቆፍረው የወጡ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝንጀሮዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 500 ባለው ዘመን ኖረው፣ ሲሞቱም እንደ ሰው ተገንዘው የተቀበሩ ናቸው።

በ2023 ዊም ቫን ኔር የተባሉት ቤልጅየማዊ የእንስሳት ቅሪት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የ36 ዝንጀሮዎችን አጥንት አንድ በአንድ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የሕመም ምልክት ያልተገኘባቸው አራት ብቻ ነበሩ። በቀሩት ላይ የጎበጠ የእጅና የእግር አጥንት፣ የተዛባ እድገት፣ የምግብ እጥረት አሻራ ታይቷል። ከሕመሞቹ ዋነኛው ሪኬትስ ነው፤ ቆዳ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት የሚያዘጋጀው ቫይታሚን ዲ ሲጎድል፣ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ጥንካሬ አጥቶ የሚጎብጥበት በሽታ። በሌላ አነጋገር እነዚህ እንስሳት ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ በማይገባበት፣ ምናልባትም በከፍተኛ ግንብ በታጠረ ወይም ጣሪያ ባለው ስፍራ ተዘግቶባቸው አድገዋል።

ይህ የሆነው ፀሐይ በተትረፈረፈበት አገር ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ዝንጀሮው በግብፃውያን ዘንድ የተከበረበት ምክንያት ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እየጮኸ የፀሐይን አምላክ የሚቀበል እንስሳ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በቤተ መቅደስ ግድግዳዎች ላይ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በምስጋና ቆሞ ተቀርጿል። በአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ፊት፣ ከራምሴስ ግዙፍ ሐውልቶች ራስ በላይ የተደረደሩት የድንጋይ ዝንጀሮዎች ዛሬም ፊታቸው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ሕያዋኑ የፀሐይ አምላኪዎች ግን ፀሐይ ተነፍገው ኖሩ።

አንድ ሕዝብ የሚያከብረውን እንስሳ እንዲህ አድርጎ የሚይዘው እንዴት ነው? ጥያቄውን ለመመለስ ከግዙፎቹ ሐውልቶች ይልቅ በሁለት ጣት መካከል ከምትያዘው ትንሽ ነገር መጀመር ይሻላል፤ ከክታቡ።

ቅርጹ ራሱ ጽሕፈት የሆነ ክታብ

በአማርኛ ክታብ የሚለው ቃል የመጣው ከመጻፍ ነው፤ ኃይሉ በብራናው ላይ ባለው ጽሑፍ ይታመናል። የግብፅ ክታብ ግን ብዙውን ጊዜ አንድም ፊደል የለበትም። ከአንድ እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ክር የሚገባበት ቀዳዳ የተበጀለት የጉማሬ፣ የጭልፊት፣ የእንቁራሪት፣ የድመት ወይም የጥንዚዛ ምስል ነው። የአገሪቱ ጽሕፈት ራሱ በሥዕል የተሠራ በመሆኑ፣ ቅርጹን ማንጠልጠል ቃሉን እንደመጻፍ ይቆጠር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግብፃውያን ለክታብ ከሰጧቸው ስሞች አንዱ በዘመናዊ ተመራማሪዎች አነባበብ «መኬት» ነው፤ ትርጉሙ የሚጠብቅ፣ የሚከላከል ማለት ነው። የአማርኛው «መከታ» ጆሮ ላይ ማቃጨሉ አይቀርም፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የቃላት ዝምድናን አያረጋግጥም።

ልማዱ ከፈርዖኖቹ ይበልጣል። በላይኛው ግብፅ በባዳሪ መቃብሮች የተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4400 እስከ 4000 ገደማ የተሠሩት ክታቦች የጉማሬና የሚዳቋ መሰል እንስሳ ራስ ቅርጽ አላቸው። ፒራሚድ ከመታነጹ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ነው።

እንስሳው የሚመረጠው ባለው ችሎታ ነው። እንቁራሪት የናይል ጎርፍ ሲሸሽ ከጭቃው ውስጥ በእልፍ ብቅ ትላለች፤ ስለዚህ ሄቄት በተባለችው አምላክ መልክ የምጥና የልደት ጠባቂ ሆነች። ገና እግር ያላወጣች ጅራታም የእንቁራሪት ልጅ በግብፅ የሥዕል ጽሕፈት 100,000 የሚለውን ቁጥር ትወክላለች። ድመት ከግልገሎቿ ጋር ተቀምጣ የወላድ እናት ምልክት ናት። አንዳንዱ ክታብ ደግሞ በተቃራኒው የሚፈራውን አውሬ ራሱን ያስይዛል፤ ከጊንጥ የሚጠብቀው የጊንጥ ምስል ነው። ሁለቱን ስሜቶች፣ ፍርሃትንና ተስፋን፣ አንድ ላይ ያዋሐደችው ታዌሬት ናት። የጉማሬ ገላ፣ የአንበሳ መዳፍ፣ የአዞ ጀርባ ያላት፣ በሁለት እግሯ የቆመች ነፍሰ ጡር ናት። ናይል ላይ ጀልባ የሚገለብጠውና ልጇን ከነካኩባት የማትምረው ጉማሬ፣ በእርጉዝ ሴት አንገት ላይ ስትሆን ቁጣዋን በክፉ መንፈስ ላይ ታዞራለች ተብሎ ይታመን ነበር።

ከሁሉም የበዛው ግን እበት አንከባላዩ ጥንዚዛ ነው። ጥንዚዛው ከሰውነቱ የሚበልጥ ክብ የእበት ኳስ ወደ ኋላ እየገፋ ያንከባልልና ይቀብረዋል። እንስቷ እንቁላሏን ከመሬት በታች በተቀበረ እበት ውስጥ ስለምትጥል፣ ከወራት በኋላ አዲስ ጥንዚዛ ከአፈር ይወጣል። እንቁላሉን ያላየ ተመልካች ጥንዚዛው ራሱን ከምንም የፈጠረ ቢመስለው አያስደንቅም። ግብፃውያን በዚህ ውስጥ ፀሐይን በሰማይ ላይ የሚያንከባልለውን ኸፕሪን አዩ፤ የጥንዚዛው ሥዕልም «ኸፐር»፣ ማለትም መሆን፣ ወደ ሕልውና መምጣት የሚለው ግሥ መጻፊያ ሆነ። እነርሱ ያላወቁት ግን ከሰማይ ጋር የሚያያይዘው ሌላ እውነት ነበር። በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የዚህ ጥንዚዛ የቅርብ ዘመድ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ኳሱን በቀጥታ መስመር የሚገፋው የፍኖተ ሐሊብን ብርሃን እያየ ነው።

የጥንዚዛ ክታብ ማኅተምም፣ የመንግሥት ማስታወቂያም ሆኖ አገልግሏል። ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ በነገሠ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት 102 አንበሶች መግደሉን ከሆዳቸው ሥር ያስጻፈባቸውን ትልልቅ ጥንዚዛዎች በግዛቱ ሁሉ አሠራጭቷል። እጅግ የከበደው አገልግሎት ግን የልብ ጥንዚዛው ነው። ከአረንጓዴ ድንጋይ ተሠርቶ በሟቹ ደረት ላይ ይቀመጣል፤ በላዩም ላይ፣ ልብ በፍርድ ቀን በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክርበት የሚማጸን ቃል ይቀረጻል። በሙታን መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ልብ ከእውነት ላባ ጋር ሲመዘን፣ በሚዛኑ ዘንግ አናት ላይ ተቀምጦ የሚታየው ዝንጀሮ ነው፤ የጽሕፈትና የጥበብ አምላክ የቶት ወኪል። ልብን ራሱን በክታብ ዝም ማሰኘት ከፍርድ ማምለጫ መንገድ ሆኖ መታየቱ፣ ስለዚያ እምነት ብዙ ይናገራል።

እነዚህ ነገሮች ለነገሥታት ብቻ የተሠሩ አልነበሩም። በቱታንኻሙን ግንዝ ውስጥ ሃዋርድ ካርተር ያገኛቸው ጌጦችና ክታቦች 143 ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከወርቅና ከከበረ ድንጋይ የተሠሩ። ተራው ሰው ግን ወርቅ ቀርቶ፣ ከአፍጋኒስታን ተራሮች የሚመጣውን ሰማያዊ ላፒስ ላዙሊ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ችግሩን የፈታው የቁስ ምህንድስና ነው ማለት ይቻላል።

ፋየንስ የሸክላ ዘመድ ይመስላል እንጂ ሸክላ አይደለም፤ ጭቃ የለበትም። አብዛኛው ክፍሉ የተፈጨ ኳርትዝ ወይም ነጭ አሸዋ ሲሆን፣ ጥቂት ኖራ፣ ከናትሮን ወይም ከተክል አመድ የሚገኝ የሶዳ ጨው እና ቀለም የሚሰጥ የመዳብ ዱቄት ይጨመርበታል። ሊጡ በውኃ ተለውሶ በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይጠቀጠቃል። ሲደርቅ ውኃው ወደ ገጹ እየወጣ ይተናል፤ የሟሙትን ጨዎች ግን ይዞ ወጥቶ፣ ሐይቅ ሲደርቅ ዳርቻው ላይ እንደሚቀረው አሞሌ ያለ ስስ ቅርፊት ጥሎ ይሄዳል። ዕቃው ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ቅርፊቱ ከኳርትዙ ጋር ቀልጦ ሰማያዊ አረንጓዴ መስታወት ይሆናል። ቀለም የሚቀባ፣ የሚለብጥ እጅ አላስፈለገም፤ ዕቃው ራሱን በራሱ አለበሰ። ግብፃውያን ለዚህ ቁስ የሰጡት ስም «አንጸባራቂ» የሚል ትርጉም ያለው ነው።

ሐሳቡ ከውበቱ ይልቅ በውጤቱ ይለካ። አንድ የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ያለው ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚያወጣው የክታብ ብዛት፣ ድንጋይ የሚጠርብ ባለሙያ በወራት የማይደርስበት ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1891 እና በ1892 በአማርና ሲቆፍሩ እንደነዚህ ያሉ ማውጫዎችን በሺዎች አግኝተዋል። ጥበቃ በጅምላ ይመረት ጀመር። የሚቀጥለው እርምጃ፣ ማለትም ምስሉን ትቶ እንስሳውን ራሱን በጅምላ ማቅረብ፣ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

አንዱ ወይፈንና ሚሊዮኖቹ ወፎች

ግብፃውያን እንስሳ ያመልኩ ነበር የሚለው አባባል ጠለቅ ብሎ ላየው ጉዳዩን አይገልጸውም። አምላኩ ወፉ ወይም በሬው አልነበረም፤ በእነርሱ ውስጥ ያድራል፣ በእነርሱ በኩል ይገለጣል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ ረገድ በሁለት ዓይነት እንስሳት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

የመጀመሪያው ዓይነት የሜምፊሱ አፒስ ወይፈን ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ካህናቱ በቆዳው ላይ ባሉት ምልክቶች ይመርጡታል፤ የፕታሕ አምላክ ሕያው ነፍስ ተደርጎ በክብር ይቀለባል፤ ሲሞት አገር ያለቅስለታል። ኦጉስት ማሪየት በ1851 በሳቃራ አሸዋ ሥር የገባበት የሴራፔየም ዋሻ፣ ለእነዚህ ወይፈኖች የተዘጋጁ በዐሥሮች ቶን የሚመዝኑ የድንጋይ ሣጥኖች ተደርድረውበታል።

ሁለተኛው ዓይነት በአማርኛ ሲጠራ «የስለት እንስሳ» ቢባል ይቀርባል። ተሳላሚው ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄድ፣ ለፈለገው ጉዳይ ለአምላኩ የሚያቀርበውን የተገነዘ እንስሳ ከካህናቱ ይገዛል፤ ለቶት ኢቢስ ወይም ዝንጀሮ፣ ለባስቴት ድመት፣ ለሆረስ ጭልፊት፣ ለሶቤክ አዞ። ልማዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 ገደማ እስከ ሮማውያን ዘመን ድረስ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። በቱና ኤል ጀበል የመሬት ውስጥ ዋሻዎች ብቻ አራት ሚሊዮን ያህል ኢቢሶች፣ በሳቃራም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ እንደተቀበሩ ይገመታል። በመላ አገሪቱ የተገነዙት እንስሳት እስከ 70 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ።

ኢቢስ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ጥቁር መንቁር ያለው፣ ነጭ ገላና ጥቁር ራስ ያለው የረግረግ ወፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤትዮፒከስ» የሚል ቅጽል አለው፤ በኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርቻ ዛሬም ይታያል፤ ከግብፅ ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። ሚሊዮኖቹ ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2019 የ14 ጥንታዊ ኢቢሶች ዲኤንኤ ተነቧል። ወፎቹ ለትውልዶች በእርባታ ተዘግተው ቢኖሩ ኖሮ ዘራቸው እየጠበበ፣ ዲኤንኤያቸው እየተመሳሰለ ይሄድ ነበር። የተገኘው ግን በዱር ከሚኖሩት የማይተናነስ ብዝኃነት ነው። ስለዚህ ካህናቱ አብዛኛውን ጊዜ የዱር ወፎችን በምግብ እያባበሉ ወደ ረግረጉ ይሰበስቡ ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ የኢቢስ ሙሚ የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ መጀመሪያ ከተከራከረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ነው። ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ይዟቸው ከዘመቱት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኤትየን ጆፍሯ ሳንት ሂሌር የተገነዙ እንስሳትን ወደ ፓሪስ አመጡ። ዦርዥ ኩቪየ አጥንቶቹን በጊዜያቸው ከነበሩት ወፎች ጋር አስተያይተው ልዩነት ስላጡ፣ ዝርያዎች አይለወጡም ለሚለው አቋማቸው ምስክር አደረጓቸው። ላማርክ ግን ጥቂት ሺህ ዓመት ለእንዲህ ያለ ለውጥ ኢምንት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ጊዜ የፈረደው ለላማርክ መልስ ነው።

የስለቱ ሥራ ሲሰፋ ምን ሆነ? መልሱን የሚሰጠው ሆር የተባለ የዴልታ አካባቢ ጸሐፊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሆር በሳቃራ ባለው የኢቢስ አገልግሎት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በገል ላይ የጻፋቸው ማስታወሻዎች በ1960ዎቹ ተቆፍረው ወጥተዋል። 60,000 ስለሚሆኑ ወፎች ቀለብ ይናገራል። ስለ ብልሹ አሠራር፣ ስለ ምርመራና ስለ ታሰሩ ሰዎችም ይናገራል። በአንድ ማሰሮ ውስጥ አንድ አምላክ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ወፍ፣ እንዲቀመጥ የሚያዝ ደንብ እንዲከበር ይሟገታል። እንዲህ ያለ ደንብ ማስፈለጉ ራሱ፣ ባዶ ወይም የተቆራረሰ ማሰሮ ይሸጥ እንደነበር ያመለክታል።

ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የሆርን ጥርጣሬ ኤክስሬይ አገኘው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ800 በላይ የእንስሳት ሙሚዎችን በኤክስሬይና በሲቲ ስካን መርምረው በ2015 እንዳስታወቁት፣ ከሦስት አንዱ ያህል ሙሉ እንስሳ፣ ሌላው ሦስተኛ እጅ የእንስሳ ክፍል የያዘ ሲሆን፣ የቀረው ምንም አጥንት የለውም። በውስጡ ጭቃ፣ ዘንግ፣ ሸምበቆ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ላባ ተጠቅልሎበታል። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ሊዲያ ማክናይት ነገሩ የግድ ማጭበርበር አይደለም ይላሉ። ከቅዱሱ እንስሳ ጎጆ የተወሰደ ላባና ቅርፊትም ከእንስሳው ቅድስና ይካፈላል የሚል እምነት ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ ለላባው ያስኬዳል። ነገር ግን የሆር ገሎች በጊዜው የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ጉዳዩን እንደ ጥፋት ይቆጥሩት እንደነበር ስለሚያሳዩ፣ ለገዢውና ለሻጩ እምነቱ አንድ ነበር ብሎ መደምደም ይከብዳል።

ሙሉ እንስሳ የያዙት ሙሚዎች የሚናገሩት ደግሞ ሌላ ነው። በ2020 በዌልስ የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ የቁስ ምህንድስና ባለሙያው ሪቻርድ ጆንስተንና ባልደረቦቻቸው፣ ከሐኪም ቤት ሲቲ ስካን በመቶ እጥፍ ያህል ጥራት ባለው የኤክስሬይ ምስል ሦስት ሙሚዎችን ሳይፈቱ ፈተሹ። አንዱ ድመት ነበር። ገና ያልበቀሉት ጥርሶቹ እንዳሳዩት፣ ዕድሜው ከአምስት ወር አይበልጥም፤ የአንገቱ አጥንትም ተለያይቷል። በሌሎች የድመት ሙሚዎች ላይም ለስለት ተብለው በልጅነታቸው መገደላቸው ታይቷል።

ይህን ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ቃል ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሄሮዶቱስ ኢቢስ ወይም ጭልፊት ሳያስበውም ቢሆን የገደለ ሰው ሞት ይፈረድበታል ይላል፤ በቤት ውስጥ ድመት ስትሞት ቤተሰቡ ቅንድቡን ይላጫል ሲልም ጽፏል። ዲዮዶሮስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ60 ገደማ ግብፅን ሲጎበኝ፣ ድመት የገደለ ሮማዊ በሕዝብ ቁጣ ሲገደል ማየቱን ይተርካል፤ ንጉሡ ሮማን ቢፈራም አላዳነውም። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የቤተ መቅደስ ሠራተኞች የድመት ግልገል አንገት ይሰብሩ ነበር። ተቃርኖውን የሚያስታርቀው የአገልግሎት ልዩነት ነው፤ በጎዳና ላይ ያለችው ድመት የአምላኳ ዘመድ ናት፤ ለስለት የምትሞተው ደግሞ ወደ አምላኳ የምትላክ መልእክተኛ ናት። ግልገሏ ግን ከሞት አላመለጠችም።

የድመቶቹ ዕጣ በዚህም አላበቃም። በ1890 ከመካከለኛው ግብፅ የወጡ 180,000 ያህል የድመት ሙሚዎች፣ 19 ቶን የሚመዝን ጭነት ሆነው ወደ ሊቨርፑል ተልከው ለማዳበሪያ በጨረታ ተሸጡ። ተሳላሚ ሁሉ በየራሱ ጭንቀት ያቀረበው ስለት የእንግሊዝ እርሻ ላይ ተበተነ።

ጥርስ የማይረሳው አገር

ዝንጀሮው ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ የግብፅ ተወላጅ አይደለም። በፈርዖኖቹ ዘመን ግብፅ ውስጥ የዱር ዝንጀሮ ለመኖሩ ማስረጃ የለም። የተከበረው ሐማድርያስ የሚባለው፣ ወንዱ ብርማ ጎፈር ያለው ዝርያ የሚኖረው በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያ ክፍል፣ እንዲሁም ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ አረቢያ ነው። አዋሽንና ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው በገደል አፋፍ ላይ ያየው፣ በጣኢፍ ወይም በአብሃ መንገድ ዳር መኪና እያስቆመ ምግብ የሚለምነው፣ ይኸው ዝንጀሮ ነው።

ግብፃውያን ዝንጀሮውን ያመጡት ፑንት ብለው ከሚጠሩት፣ ዕጣንና ከርቤ፣ ወርቅና ዞጲ ከሚገኝበት ምድር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንግሥት ሃትሸፕሱት የላከችው መርከብ ተጭኖ ሲመለስ፣ ዝንጀሮዎች በገመዶቹ መካከል ሲመላለሱ በዴይር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጸዋል። ፑንት በትክክል የት ነበር የሚለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ የቆየ ጥያቄ ነው።

መልስ የመጣው ከጥርስ ነው። ስትሮንቲየም የተባለው ንጥረ ነገር በዓለት ውስጥ በተለያየ ክብደት ይገኛል፤ የከባዱና የቀላሉ መጠን ንጽጽር እንደ ዓለቱ ዕድሜና ዓይነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዓለቱ ወደ ውኃ፣ ከውኃው ወደ ሣር፣ ከሣሩ ወደ እንስሳው ይገባል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በልጅነት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ስለማይታደስ፣ እንስሳው ያደገበትን አፈር እስከ ዘለዓለም ይዞ ይኖራል። አጥንትና ፀጉር ደግሞ ኋላ የኖረበትን ይመዘግባሉ። ናትናኤል ዶሚኒ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲሱ መንግሥት ዘመን የተገነዙ ዝንጀሮዎች ከግብፅ ውጭ መወለዳቸውን አረጋግጠዋል፤ ምልክቱም ዛሬ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ የሶማሊያና የየመን ክፍሎች የሚገኙበትን ሰፊ አካባቢ የሚያመለክት ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በጥሌማውያን ዘመን በሳቃራ የተቀበሩት ግን ግብፅ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ዝንጀሮ በምርኮ ሳይራባ አልቀረም።

አካባቢው ይበልጥ የጠበበው በ2023 ነው። ጊዜላ ኮፕ የተባሉት ጀርመናዊት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የመሩት ቡድን በሊዮን ካሉት የጋባናት አል ቁሩድ ዝንጀሮዎች ናሙና ወስዶ፣ ከአንዱ በቂ ዲኤንኤ አገኘ። የተነበበው ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ክፍል ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ከሚኖሩ የዛሬ ዝንጀሮዎች ጋር ሲመሳከር፣ በኤርትራና በአጎራባች የኢትዮጵያና የምሥራቅ ሱዳን አካባቢዎች ከሚገኙት የዘር ሐረግ ጋር ገጠመ። ይህ የጥንቱ የአዱሊስ ወደብ የኋላ አገር ነው።

አዱሊስ ለአክሱም መንግሥት የቀይ ባሕር በር ከመሆኗ አስቀድሞ ስለነበራት ታሪክ የጽሑፍ ምስክር እጅግ ጥቂት ነው። ፑንት የሚለው ስም ከግብፅ መዛግብት የሚጠፋውም፣ አዱሊስ የሚለው ስም በግሪኮች ጽሑፍ ከመውጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ዝንጀሮው የኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ የጥናቱ አዘጋጆች፣ ፑንትና አዱሊስ በተለያየ ዘመን ለአንድ የንግድ አካባቢ የተሰጡ ስሞች ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አንድ የተገነዘ እንስሳ የአንድን ወደብ ታሪክ በብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ሊስበው ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቫን ኔር አጥንቶችና የኮፕ ዲኤንኤ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ሸለቆ የወጡ ናቸውና። ሪኬትስ የሚይዘው በማደግ ላይ ያለን አጥንት ነው። ስለዚህ የጎበጡት ዝንጀሮዎች ወይ ገና በግልገልነታቸው ተይዘው መጥተዋል፣ ወይም በቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ በምርኮ ተወልደዋል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ገደሎች እስከ ሉክሶር ያለው መንገድ፣ በመርከብም በበረሃም፣ ለአንድ ግልገል ዝንጀሮ ረጅም ነው። የእናትየው የዘር ሐረግ ከአዱሊስ አካባቢ መሆኑን ዲኤንኤው ይነግራል። ባሕሩን የተሻገረው ዝንጀሮው ራሱ ነው ወይስ ቅድመ አያቱ የሚለውን ግን ዲኤንኤ ብቻውን አይመልሰውም፤ ለዚያ በልጅነት የተሠራውን ጥርስ መጠየቅ ያስፈልጋል።